የእናት ድንጋይ ልጅ

ከኡካ ከተማ ወጣ ብሎ የቆመው ግራናይት ቋጥኝ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ገበሬው «ዳጋ ሃዳ» ይለዋል፤ የእናት ድንጋይ ማለት ነው። አናቱ ላይ የዝናብ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ አለ። እዚያ ወንድ አይደርስም፣ በጫማ አይረገጥም፣ እሳት አይነድም። ሴቶች ልጅ ሲያጡ ወይ ዝናብ ሲቀር እርጥብ ሣር ይዘው የሚወጡት እዚያ ነው።

ሁሪያ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። እናቷን ወባ ወሰደባት። እትዬ ኡርጌ የሚባሉ የአገሩ ሰው በጉዲፈቻ አነሷትና ከልጃቸው ከኢሊሊ ጋር በአንድ መደብ እያስተኙ አሳደጓት። ሰላቷን ትሰግዳለች፣ ሣሯንም ይዛ ትወጣለች፤ ምን አገባሽ ያላት የለም። ስትዳር እትዬ ኡርጌ ሲንቄ አስያዟት። ሲንቄ እናት ለልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሴት ተበድላ ሲንቄዋን ይዛ ከጮኸች የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ከጎኗ መቆም አለባት። ያን ቀን ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ኢሊሊ ነበረች።

እትዬ ኡርጌ ሲሞቱ ቦታውን የምትጠብቀው ሁሪያ ሆነች። ማን ሾማት? ማንም። ሌላው ሲሰለች እሷ አልሰለቸችማ።

ኢሊሊ ግን መቱ ገብታ እንግዳ ማስጎብኘት ያዘች። ድንኳን የተሸከሙ ወጣቶችን ታመጣ ጀመር። ሁሪያ አልከፋትም፤ እንዲያውም መንገዱን እየመራች ከቋጥኙ ሥር ሜዳው ላይ ታስተክላቸው ነበር። «ላይኛውን ብቻ ተይልኝ» አለቻት።

«ምን ነካሽ፣ የእናቴ ቦታ አይደል እንዴ» አለች ኢሊሊ፤ እርጥብ ሣር ነጭታም ማለችላት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ሁሪያ ስትወጣ ጎድጓዳው አጠገብ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተጋድመዋል። እሳት የነደደበት ድንጋይ ቅርፊቱ ተነስቶ ቆስሏል። ኢሊሊ ደግሞ ሻይ ታፈላለች። አታፍርም እኮ።

«ፀሐይ ስትወጣ ከላይ ሆነው ማየት ይፈልጋሉ፤ ታዲያ ምን ላድርግ» አለች።

ሁሪያ ቤቷ ወርዳ ሲንቄዋን ይዛ ጮኸች። የመንደሩ ሴቶች ሊጥ የነካ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወጡ። ቋጥኙ ሥር ሲደርሱ ኢሊሊ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። በኦሮምኛ፣ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ሲንቄ የሚይዘው የአገር ልጅ ነው። እሷ ሰፋሪ ናት። የሰፋሪ ጩኸት አያስወጣችሁም።»

ሁሪያ ሴቶቹን አየቻቸው። ስንቶቹን አዋልዳለች፣ ከስንቶቹ ጋር ላይ ወጥታ ለምናለች። አንዷ እንኳ «ተይ እንጂ ኢሊሊ» ትላለች ብላ ጠበቀች። አንዷ መሬት መሬት አየች፤ ሌላዋ ልጄ ያለቅሳል ብላ ተመለሰች፤ የቀሩትም ተከተሏት። ለድንጋዩስ አልቅሳ ይወጣላታል፤ ያቺ ቃል ከእህት አፍ መውጣቷ ነው የገደላት። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

በሳምንቱ ኢሊሊ ሰው ላከችባት። ጉም ወርዷል፣ እንግዶቹ ከሥር ቆመዋል፣ ወደ ላይ መውጫው ጠፍቶብኛልና እህቴ ቶሎ ድረሽልኝ ነው መልእክቱ።

ሁሪያ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እህቷን ትፈልግ በላት» አለችው መልእክተኛውን። «እኔ ሰፋሪ ነኝ፤ የሰው አገር መንገድ አላውቅም።»