ጊደር ሲሰጡኝ ጠረጠርሁ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እናቴ ልብሴን ስታጥፍ ነው። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ የምትኖረውን ክርስትና እናቴን፣ እቴቴ የሻረግን፣ ልንጠይቅ ነበር። የምናድረው አንድ ሌሊት ነው ተብሏል። እናቴ ግን ቀሚሶቼን ሁሉ፣ ሹራቤን፣ የፋሲካ ጫማዬን ሳይቀር ሻንጣው ውስጥ ከተተች። የራሷን ልብስ በዓይኔ ፈለግሁ፤ አንድ ቅያሪ እንኳ አልነበረም። አልጠየቅኋትም። ዓይን አፋር ስለነበርሁ አፌ የማይደፍረውን ሁሉ በዓይኔ ነበር የምከታተለው።

እቴቴ የሻረግ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት። ልጅ አልወለደችም። ቤታችን በመጣች ቁጥር “ይችን ልጅ ለኔ ተይልኝ” እያለች ትቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን ቀልዱን አላነሳችም፤ ይህም አላማረኝም።

ምሳ እንደበላን ጓሮ ወስዳ አንዲት ቀይ ጊደር አሳየችኝ።

“ያንች ናት። ክርስትና ልጄ አይደለሽ? በይ ስም አውጭላት።”

በዚያ አገር ክርስትና እናት ለልጇ ከብት መስጠቷ ወግ ነው። ከብቷ እዚያው ትረባለች፤ ልጅቱ እቤቷ ታድጋለች። እኔ ይህን የት አውቄ! የምንኖረው በኪራይ ግቢ ነው፤ አከራያችን ዶሮ እንኳ አታስገባም። እንግዲህ ጊደር ካለችኝ የምኖረው ጊደሯ ያለችበት ነው ብዬ ደመደምሁ። ስም አላወጣሁላትም።

“ነይ ወንዙን ላሳይሽ” አለችኝ ቀጥላ። ይችን ዘዴ አውቃታለሁ። ጎረቤታችን ሥራ ስትሄድ ልጇን “ነይ ድመት ላሳይሽ” እያሉ ወደ ጓሮ ይወስዱላት ነበር።

“እማዬም ትምጣ” አልሁ። መጣች።

ወንዙ ድምፅ አልነበረውም። እኔ የማውቀው ውሃ ጣና ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ዳርቻውን በጥፊ ይመታል። ይህኛው ግን ከሾላው ጥላ ሥር ተኝቷል፤ ቅጠል ካልወደቀበት መሄዱም አይታወቅ። የእርጥብ ጭቃና የበሰለ ሾላ ሽታ ነበረው። እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ እናቴን እጠብቃለሁ።

“ዓሣውን አየሽው?” አለች እቴቴ የሻረግ።

“አየሁት” አልሁ፣ ሳላይ።

“ምነው አንች፣ እናትሽን ሰው ይሰርቃታል? አንገትሽ ተጣሞ ሊቀር ነው እኮ!”

እናቴ አልሳቀችም። “ነጠላዬን ረስቼዋለሁ፤ መጣሁ” ብላ ተነሳች።

“ትተሽኝ ልትሄጂ ነው!” አልሁ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

እናቴ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

“እኔን አትዪኝ” አለች እቴቴ የሻረግ። “ጊደሯን የሰጠኋት ልጄ ስለሆነች ነው፤ ለማባበያ አይደለም። ራስሽ ንገሪያት። እንቢ ካለች ነገ ይዘሻት ትሄጃለሽ።”

እናቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሊልካት ነው፤ ከቀረች ሥራዋን ታጣለች። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ሌሊት አብሮኝ የሚያድር ሰው የለም። ዝናብ ሲገባ ትመለሳለች። “ስታለቅሺ ማየት ስለማልችል ነው ተደብቄ ልሄድ ያሰብሁት” አለች፤ የምታለቅሰው ግን እሷ ነበረች።

ራት ሲቀርብ “እሺ” አልሁ። “ዝናብ ገብቶ ካልመጣሽ ግን ጊደሯን ሸጬ እመጣለሁ።”

ዛሬ እዚያ መንደር ባጃጅ እስከ ደጃፍ ይገባል፤ እናቴም ሩቅ ስትሄድ ፊቷን በስልክ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የሄደ ሰው ሄደ ነው። አሁንም ልጅ ይዞ እንግድነት የሚሄድ ሰው ሳይ ዓይኔ ሻንጣው ላይ ያርፋል፤ ለልጁ ነግረውት ይሆን እላለሁ። ለእኔ እንዲነገረኝ ያደረገችው ከሁሉ አብልጬ የጠረጠርኋት ሴት ናት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ቆሞ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ እሷ እኔን አቅፋ አልላቀቅ አለች። እጆቿን ከትከሻዬ ላይ አንድ በአንድ አነሳሁና “ሂጂ እማዬ፣ ወንበር ይያዝብሻል” አልኋት።