በብሉይና በሐዲስ መካከል

አማቴ ሙት ወቃሽ ናቸው። ይህን ስናገር ባለቤቴ ስለ አባቷ ትቆጣለች፤ ትቆጣ። አባቴ የሞተ ጊዜ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢስት ዮርክ በምንከራየው ቤት ልቅሶ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለኝ ሲወጣ፣ እሳቸው ከሶፋው ቀና ብለው «ያሳዝናል፤ ንጹሑን ቃል ሳያገኙ ሄዱ» አሉኝ። የአባቴ አፈሩ ገና ሳይደርቅ!

አባቴ ኦርቶዶክስ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ከሰው ጋር መጣላት የማያውቅበት ሰው። እሁድ ከሰዓት ሰማንያ አሐዱውን መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር። አብልጦ የሚወዳቸው ደግሞ ጴንጤዎቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የማያስገቧቸውን መጻሕፍት ነበር፤ እነሱን ሲያነብ ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

አማቴ ጴንጤ ናቸው። የሚስቴ አባት፣ አገር ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ እሷ ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው፣ ዛሬ ሬክስዴል ያለው የአማርኛ ቸርች ሽማግሌ፣ ከእኛው ጋር የሚኖሩ። ለእሳቸው የአባቴ መጻሕፍት መነኮሳት የለጠፉት ተረት ናቸው። ንጹሑን ስድሳ ስድስት መጽሐፍ እንግሊዞች ጠብቀው አቆዩልን ይላሉ። ድንቄም ጠብቀው! ያን ቀን ግን ልቅሶ ላይ ነኝ፣ እሳቸውም ታላቅ ሰው ናቸው፤ ጥርሴን ነክሼ የሚወጣውን እንግዳ መሸኘቴን ቀጠልኩ።

ሥራዬ ኖርዝ ዮርክ ነው። ሰው ሲሞት ወይም የአረጋውያን መኖሪያ ሲገባ ቤቱን ባዶ የምናደርገው እኛ ነን። ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ድስቱን የሚወስድ አይጠፋም፤ መጽሐፉን ግን ልጆቹም አይነኩት። የድሮ የእንግሊዝኛ መንፈሳዊ መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመርኩት በዚህ ነው፤ የስብከት፣ የጸሎት፣ የመዝሙር። መጀመሪያ አሳዝነውኝ ነበር፣ በኋላ ሱስ ሆኑብኝ። የጥንቶቹ ወረቀታቸው ከጨርቅ ስለተሠራ ይኸው እስካሁን እንደ አንሶላ ነጭ ናቸው፤ የእኛ ዘመን ጋዜጣ በሳምንቱ ቢጫ ይሆናል። በየገጹ ግርጌ ደግሞ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርበት ቃል ለብቻው ተቀምጧል። አንድ ወረቀት ከጎደለ በዚያ ይታወቃል።

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አለ፤ ሱቁ ውስጥ ሳልገባ የማልፍበት ቅዳሜ የለም። አንድ ቀን ጨዋታ ጨዋታን አንሥቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? የጥንቶቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ከእነዚያ ከአባቴ መጻሕፍት ብዙዎቹን በብሉይና በሐዲስ መካከል አድርገው ያትሙ ነበር፤ መተው የመጣው በኋላ ነው። ልቤ ዘለለ። አማቴ የሚመኩባቸው እንግሊዞች!

ከዚያ ወዲያ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። ማግኘቱ ግን እንደ ማውራቱ አልሆነም። የሚመጣው ሁሉ መሀሉ የጎደለ ነው፤ አንዱ ሲጠረዝ ተትቶበት፣ አንዱ ባለቤቱ አውጥቶት። ሽማግሌው እየደወለ ይጠራኛል፣ ሄጄ እገልጣለሁ፣ ባዶ። ሚስቴ «አበድክ እንዴ?» ትለኛለች። በመጨረሻ ለንደን የታተመ፣ ጀርባው የላላ፣ ሽፋኑን አይጥ የቀመሰው አንድ አገኘልኝ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ገጽ በገጽ አየሁት። ከመሀሉ አንዲት አልጎደለችም። «አባዬ፣ አገኘሁልህ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። ሽማግሌው ምን ነካው ብሎ አየኝ። እንባዬ መጽሐፉ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዞርኩ።

ብዙም አልቆየ፣ አማቴ የጸሎት ኅብረታቸውን ቤታችን ጠሩ። ሳሎኑ ጢም አለ። ከጸሎቱ በኋላ ሻይ ሲቀርብ፣ እሳቸው እኔን በአገጫቸው እያሳዩ «የአማቼ አባት ደግ ሰው ነበሩ አሉ፤ ግን ተረት ሲያነቡ አለፉ። ልጃቸው እንኳ እንዲተርፍ ጸልዩለት» አሉ። በእንግዳ ፊት! በቤቴ! ደሜ ፈላ። ቤዝመንት ወርጄ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልዬ አመጣሁና መሀሉን ከፍቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩት።

«አባባ፣ እርስዎ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነዎት። እስቲ ያንብቡልን።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደሉ የድሮ ቢሆንም የመጻሕፍቱ ርዕስ ይነበባል። አነበቡ፤ ገለጡ፤ ደግመው አነበቡ። ፊታቸው ከሰል መሰለ።

«ይህን አንተ ነህ ያስገባህበት!» አሉ። «የኦርቶዶክሱን አምጥተህ ሰፍተህበት ነው!»

እስቲ ይታያችሁ! እኔ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ለንደን ላይ አሳትሜ፣ ሰፍቼ መመለሴ ነው! ጥግ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ «አባባ፣ ትክክል ነው እኮ፤ ያኔ ይታተም ነበር ይላል» አለች። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሰይ! አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ። ሚስቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አኮረፉ። ጨው እንኳ ሲፈልጉ «ባልሽ ያቀብለኝ» ነው የሚሉት፣ አጠገቤ ተቀምጠው። እኔም አልተኛሁላቸውም። መጽሐፉን ከቤዝመንት አውጥቼ ሳሎን መደርደሪያው ላይ፣ ከመቀመጫቸው ፊት ለፊት አኖርኩት። አባቴን በተረት እንደሞተ ቆጥረው በቤቴ ደግመው እንዳያነሡት፣ ዕለት ዕለት ይዩት ብዬ። እውነትም ደግመው አላነሡትም። ለእኔ ይህ ብቻ በቂ ነበር።

አንድ ማምሻ ከሥራ ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ዓይኔ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መጽሐፉ ቦታው ላይ አለ፣ ግን ከስቷል። አነሣሁት፤ ቀለለኝ። ስከፍተው ብሉይ ባለቀበት ሐዲስ ጀመረ። ከስፌቱ ጥግ የቀረው አጭር የወረቀት ጉቶ ብቻ ነው፣ እንደ ታጨደ ማሳ። የተቀደደ እንዳይመስላችሁ። ማስመሪያ ተደርጎበት በምላጭ የተቆረጠ ነው።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። በእሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ከወጥ ቤት ቀስ ብለው መጡ። «ምን ሆነሃል?»

«ምን አደረጉት?»

«አጸዳሁልህ» አሉ፤ ከኩርፊያው ወዲህ በቀጥታ ሲያናግሩኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። «በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። ከእግዚአብሔር ቃል አንዲት መስመር አልነካሁም።»

«ይህ እኮ የአባቴ...» ብዬ ጀመርኩ፣ ጉቶውን እያሳየኋቸው።

ሚስቴ ሮጣ መጥታ መሀላችን ቆመች። «በናትህ ተዋቸው፣ ደም ግፊት ያለባቸው በሽተኛ ሰው ናቸው!»

«በሽተኛ ምላጭ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይዝም!» አልኳት። ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የት ጣሏቸው?»

በዚህ ተቆጡ። «የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ይጣላል እንዴ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩህ?»

ወደ ክፍላቸው ገብተው አንድ ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ወረቀቶቹ ተስተካክለው፣ ተደርድረው፣ በክር ታስረዋል። ፌስታሉን ወደ እኔ ዘረጉት፤ ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም።

«ይኸው የአባትህ ድርሻ» አሉኝ። «ከእኛው ለይቼልሃለሁ።»

ልመታቸው አማረኝ። እውነቴን ነው፤ የሚስቴን አባት፣ ሽበታቸውን እያየሁ፣ ልመታቸው አማረኝ። እጆቼም ተነሡ። ከዚያ ሁለቱም እጆቼ ተዘረጉ፣ ወገቤ ጎንበስ አለ፣ ፌስታሉን ተቀበልኩ። ከታላቅ ሰው በአንድ እጅ አይቀበሉም፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ።