አባቴን በሊኑክስ ማብረር

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከሜክሲኮ የገዛሁትን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ይዤ ላንቻ ወዳለው ቤታችን ስገባ፣ አባቴ ኮምፒውተሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል።

«ጠፋ» አለኝ።

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። ልበር ስል ጨለማ ነው።»

ጠዋት ካዛንቺስ ወዳለው ቢሮዬ ስወጣ የአውሮፕላን ጨዋታው ይሠራ ነበር። አይቼው ነው የወጣሁት።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ተዋጊ ጄት ይፈትሻል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ከዚያ በመሰላሉ ይወርዳል፤ ሌላ ሰው ይወጣና ይበራል። ያ ሌላ ሰው ዛሬም ጓደኛው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ኦሎምፒያ አንዲት ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘው ሲከራከሩ ይውላሉ። አባቴ አሁንም «ሻምበል» ይላቸዋል፣ ግን አንተ እያለ ነው። በቅርቡ የሻምበል ልጆች የኮምፒውተር በረራ መጫወቻ የሆነ መሪ፣ ጆይስቲክ የሚባለውን፣ ገዝተው ሰጧቸው። እሳቸው ደግሞ ለአባቴ አሳለፉት። «እንካ መካኒኩ፣ አንተም መሬት ላይ ሆነህ ብረር» ብለው።

አባቴ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ና፤ ይዤህ እነሳለሁ» አላቸው። አባቴ እንዲህ ዓይነት ቃል የሚሰጥ ሰው አይደለም። ለዚህ ነው ነገሩ የከበደኝ።

ኮምፒውተሩ የእኔ ነው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ራሴ ጫንኩት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶብኝ አያውቅም። የጦር አውሮፕላን ጨዋታው ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። እንዲሠራ ከተፈለገ መሃል ገብቶ ጨዋታውን «አይዞህ፣ ያለኸው ዊንዶውስ ላይ ነው» እያለ የሚያታልል ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ማታለሉ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ አልከፍትም አለ። ከዚያ ከፈተ፣ ድምፅ ግን የለውም። ድምፁ ሲመጣ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ሳጥኑ ሲስተካከል ደግሞ መሪውን ወደ ግራ ሲገፉት አውሮፕላኑ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሆነ። ቢሮአችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው የሚቀመጠው። መልእክት ጽፌለት አጠፋሁት። እንደገና ጽፌ አጠፋሁት። ሰው ከመጠየቅ በይነመረብ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች የተጨቃጨቁትን ማንበብ ይቀለኛል። እንደዚያ እየተንፏቀቅኩ ዓርብ ዕለት በረረ።

እና ቅዳሜ ጠፋ።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካሁም።»

የነካ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ባሳየሽኝ ገጽ ላይ ነዳጅ ሞላሁ፣ አየሩን ጥርት አደረግኩት፣ ሰዓቱን የጠዋት አደረግኩ፣ ሴቭ አልኩ። በቃ» አለኝ።

ሰማሁት፤ አለፍኩትም። ነዳጅና አየር ስክሪን አያጠፉም።

የጨዋታው ማውጫ በደንብ ይታያል። ያስቀመጠውን በረራ ስከፍት ግን ጥቁር። ድምፅም የለም። የግራፊክስ ነገር መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያነበብኩት ሁሉ እንዲያ ይላል። አንዱ በትክክል ይኸው ችግር ገጥሞት ጽፏል። ከሥሩ ራሱ «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደተስተካከለ አንድ ቃል የለም። ያን ሰው ባገኘው የምለውን አላውቅም፤ ምናልባት ዓይናፋር ስለሆንኩ ምንም አልለው ይሆናል። የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አውጥቼ አሮጌውን ጫንኩ። ጥቁር። አዲሱን መለስኩ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጥቁር።

ታላቅ ወንድሜ ቆሎ እየቆረጠመ መጥቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

«ዊንዶውስ ጫኚበትና እንገላገል። ጓደኛዬ ጋ ፍላሽ ላይ አለ።»

«ጨዋታው ያለበትን ዲስክ ያጠፋዋል። ያለኝ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።»

«ምን አለሽ አንቺ? ከፔንግዊን ሌላ ማን ያውቅሻል?»

ፔንግዊን የሊኑክስ ምልክት ነው። ይህን ቀልድ ካገኘው ጀምሮ አልቀየረውም።

«ችግሩ የሊኑክስ አይደለም» አልኩ።

«እሺ የማን ነው? የመብራት ኃይል?»

ሊመሽ ሲል አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ተይው ልጄ። ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ።» ስልኩን አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ደግሞ አወጣው። በዚህ ጊዜ ወንድሜን «ፍላሹን አምጣ» አልኩት።

እሁድ ጠዋት አባቴና ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ፋይሎቼን ወደ ሌላ ዲስክ ለማውጣት ቀረሁ። ስጨርስ በረራውን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልረግመው ይሆናል። ጥቁር ነው። የመስኮቱ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አርፋ አቧራውን ሁሉ አሳየችኝ። በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩት። አንዲት ነጥብ ቀረች። ጣቴን በምራቄ አርሼ ፈተግኳት፤ አልለቅም አለች። መሪው ላይ ያለውን፣ ዙሪያውን እያዞረ የሚያሳየውን ቁልፍ ነካሁ። ነጥቧ ሄደች። ከጎኗ ሌላ፣ ደብዘዝ ያለች ነጥብ መጣች።

ኮከብ ናት።

የበረራውን ገጽ ከፍቼ ሰዓቱን አየሁ። 01:30 ይላል።

አባቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ፈልጎ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብሎ ሞላ። በቤታችንም በሰፈራችንም ያለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ጨዋታው ግን የፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ገና አልነጋም። አውሮፕላኑ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሊኑክስም ጨለማውን አንድ ሳያጎድል ነበር ሲያሳየኝ የቆየው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓትን በሙሉ የለፋሁት ሌሊት ለመጠገን ነው። በየቀኑ ቢሮ ውስጥ የስብሰባ ሰዓት ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ የምመልሰው ደግሞ እኔ ነኝ። መጮኽ አማረኝ፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ተውኩት።

07:30 ብዬ ቀየርኩት። መንደርደሪያው ሜዳ፣ ሣሩ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ፣ ሁሉም ብርሃን ላይ ወጣ።

ሦስቱም አብረው መጡ። አባቴ ሻምበልን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አግኝቷቸው ነው። ወንድሜ ፍላሹን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ተሠራ?» አለ አባቴ፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

«ተሠራ።»

ሻምበል ከጎኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ምን ሆኖ ነው ልጄ? አባትሽ መንገዱን ሙሉ ‹ላይሠራ ይችላል› ሲለኝ ነው የመጣው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ ነበረኝ። አባቴ የእኚህን ሰው አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ሰዓት በሰዓት፣ ብሎን በብሎን ሲፈትሽ የኖረ ነው።

«የሊኑክስ ችግር ነበር ጋሼ» አልኩ።

«አላልኩም?» አለ ወንድሜ፣ ፍላሹን ኪሱ እየከተተ።

አባቴ መሪውን ያዘ። ሞተሩን ሲያስነሳ እጁ ቁልፎቹን ሳያይ ያገኛቸዋል። አውሮፕላኑ ተንደረደረ፣ ወደ ሣሩ አጋደለ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ መሬቱ ከሥር ለቀቀ። የሻምበል እጅ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጧል።

«ጎማውን ሰብስብ እንጂ መካኒኩ» አሉ።

«አትቸኩል። አንተን ስንቴ ነው ያስታወስኩህ።»

አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ነበር የሚበረው።

ካረፉ በኋላ፣ ማለቴ አውሮፕላኑ አጥር ጥሶ ከቆመ በኋላ፣ «ቆይ፣ አሁን ደግሞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ላሳይህ» ብሎ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ።

«ሰዓቱን እኔ አስተካክልልሃለሁ አባዬ» አልኩና ቀድሜ ወሰድኩት።