ስድስተኛው ጥቅልል

ሽቦ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው።

ያን ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ከክራባቱ ጋር ሲታገል ባለቤቱ ከበሩ ላይ አየችው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ሊወስዱት ነው።»

«ማንን?»

«ፕሮቲኑን።»

«ኤዲያ! እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ፕሮቲኑ ከሽቦ የተሠራ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ሞዴል ነው። ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። ዛሬ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወርና መስታወት ይገጠምበታል። ከሥሩ በሚለጠፈው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፤ ሞዴሉን ያሠሩት የዶክተሯና የእሱ። መስታወቱ ከታሸገ ወዲያ ማንም አይከፍተውም። ሽቦን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። ሞዴሉ ላይ እሱ ብቻ የሚያውቀው ስህተት አለ።

በዩኒቨርሲቲው ጥገና ክፍል ከመቀጠሩ በፊት አልጋ ፋብሪካ ውስጥ ሞላ ጠቅላይ ነበር። ዶክተሯ ገና ጀማሪ መምህር ሳሉ፣ በቁጥር የታጨቀ ወረቀት ታቅፈው ወደ ጥገና ክፍሉ ወርክሾፕ መጡ።

«ሞላ ትጠቀልላለህ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ለስንት አልጋ?»

«ለጡንቻ።»

አስረዱት። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ የሚያቆይ ፕሮቲን አለ። ፕሮቲን ሰንሰለት ነው፤ ይሄኛው አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት ቀለበት አለው። ተዘርግቶ ከተኛ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ የሚይዘው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲያገኝ ነው። ስምንት ቦታ እንደ ሞላ ይጠቀለላል። በእጥፋቱ መሀል አንዲት የብረት ቅንጣት ትቀመጣለች፤ ኦክስጅኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

«ጥቅልሉ ሁሌም ወደ ቀኝ ነው» አሉት። «ወደ ግራ ከሄደ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።»

ሽቦ ደግሞ ግራ እጁ ነው የሚቀናው። ለአልጋ ሞላ ቀኝ ሆነ ግራ ማንም ደንታ የለውም። ስለዚህ ዶክተሯ የሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ በጠመኔ ቀስት ሣሉለት።

አራት ወር ሠሩ። እሳቸው ቁጥር ያነባሉ፣ እሱ ያጥፋል። ሲሳሳት ጠመኔ ይወረውሩበታል፤ እሱም ጠመኔውን አንስቶ ኪሱ ይከታል። ሲሰለቻቸው ጣሪያው ላይ የሚሮጡትን ድመቶች ይቆጥራሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ በር ጠግኗል፣ ብዙ ወንበር በይዷል፤ እንደዚያ በጉጉት የነቃበት ጠዋት ግን የለም።

ሞዴሉ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው ስድስተኛው ጥቅልል ከጠረጴዛ ወድቆ ተጣመመ። ዶክተሯ ንግግራቸውን ሊያዘጋጁ ሄደው ነበር። ሽቦ በጥድፊያ ሌላ ጠቅልሎ በየደው። ከምረቃው ሦስት ሳምንት በኋላ አቧራ ሲያራግፍ አየው። ግራ ነው። የጠመኔው ቀስት ከዘንጉ ላይ ጠፍቶ፣ እጁ በለመደው ሄዷል። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

ክፍሉ ሲደርስ ዶክተሯ ቀድመውት ተቀምጠዋል። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። ድሮ ተማሪያቸው የነበረው ወጣቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ጋሼ፣ መኪናው አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ብሎኖቹን ይፍቱልን» ብሎ ወጣ።

ሽቦ መፍቻውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«ዶክተር፣ ስድስተኛው ግራ ነው።»

«ምኑ?»

«ጥቅልሉ። የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ያኔም አውቄያለሁ።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ። አላመኑትም፤ አውራ ጣታቸውን ሽቦው ላይ አስኬዱ። ጣታቸው ቆመ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት!» አሉ። «በብትር እየጠቆምኩ! አፍንጫዬ ሥር! አንተ ሰው፣ ምላስ የለህም?»

«ፈራሁ።»

«ምን እንዳላደርግህ?»

«ሁለተኛ ለሥራ ሳይጠሩኝ እንዳይቀሩ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ማስተማሪያው ድምፅ ተመለሰ። «ሴል ውስጥ ቢሆን ይሄ ነገር ውሎ አያድርም። የሚያቃኑ ረዳቶች አሉ፤ አልቃና ካለ ምልክት ይለጠፍበትና ተቆራርጦ ቀለበቶቹ ለሌላ ሥራ ይውላሉ። አንተ ግን አቧራውን እያራገፍክ አኖርከው።» ወደ ሞዴሉ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ቁረጠው።»

«መኪናውስ?»

«መኪናው ጎማ አለው፤ ይመለሳል።»

ሽቦ ኮቱን አወለቀ፤ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። ፒንሳው አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ። ስድስተኛው ጥቅልል መዳፉ ላይ ወደቀ፤ ቀላል ነበር።

የመኪና ጡሩምባ ከታች ሲሰማ ኃላፊው እያለከለከ ገባ።

«ዶክተር፣ መጣ እኮ!»

«አላለቀም።»

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

ዶክተሯ ወደ ሽቦ ዞሩ። ሽቦ ጥቅልሉን ወደ ኃላፊው ዘረጋ።

«አንዱን በግራ ጠቅልዬው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወጣቱ ክፍተቱን አየ፤ በሽቦ መዳፍ ላይ ያለውን አየ፤ ጣቱን እንደ ጥቅልሉ አየር ላይ አዞረ።

«እኔ እኮ በዚህ ነው የተመረቅሁት!»

«እኔም በዚህ ነው ያስመረቅሁህ» አሉ ዶክተሯ። «ሂድ፣ መጠቅለያውን ዘንግ ከወርክሾፑ አምጣና ያዝለት። አሁን ወደ ቀኝ ይጠቀልለዋል።»

ኃላፊው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለሾፌሩ እንዲጠብቅ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሾፌሩ አንድ ነገር ብሎ ተሳደበና ሞተሩን አጠፋ።