ከገደሉ ማዶ የሚሰማ ምንሽር

ጅብ በጎቼን ስለፈጀብኝ ዋጋው የማይከብድ፣ ዒላማ የማይስት ምንሽር ስፈልግ ከረምኩ። ክላሽማ ለእኔ ቢጤው አይቀመስም። ከገደሉ ማዶ ያለች ጎረቤታችን የሟች ባሏን ምንሽር ልትሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ።

አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አቅንቼ ብመለከት ዝገት የሚባል የለበትም። ልሞክረው ነው ብዬ ነገርኳትና ከጓሮ ወጥቼ፣ አቀባብዬ፣ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ተኮስኩ። ድንጋዩ ብትን አለ። ሸጋ ነው ብዬ ዘወር ስል ሴትዮዋ የእግር ውኃ ይዛ ደጅ ቆማለች። ባሏ ከአደን ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሆኖ አንዴ ይተኩስ ነበር፤ እሷም ውኃ ይዛ ትወጣለት ነበር።

«ምነው እቴ?» አልኳት።

«እጄ ነው አያ፤ ልቤማ መሞቱን ያውቃል» አለችና ውኃውን አስቀመጠችው። ቀና ብላም «ቤትዎ ከገደሉ ማዶ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው።»

«እንግዲያ አይቀየሙኝ። ድምፁ ለማይደርስብኝ፣ ለሩቅ ሰው ልሽጠው።»

እንዲያ ያለ ጠመንጃ ዳግም እንደማላገኝ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩላት። ኋላ የእንፍራንዝ ሰው ገዝቶ ወሰደው አሉ። የተረፉት በጎቼ እስከ ዛሬ ከእኔው ጋር ቤት ውስጥ ያድራሉ።