ከታከር እስከ ጀኪል ደሴት፦ የጠፋውን ተንሳፋፊ ፍለጋ

አርብ ጠዋት፣ ታከር

አትላንታ አጠገብ ታከር ካለው ቤታችን የወጣሁት የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ነው። አትላንታ ውስጥ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ከጆርጂያ ጠረፍ ገባ ብሎ፣ ባሕሩ ላይ፣ አንድ ቢጫ ተንሳፋፊ መለኪያ ነበረው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። በሰንሰለት ከባሕሩ ወለል ጋር ታስሮ፣ ከሥሩ በተገጠመለት መሣሪያ ውሃው ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ለዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል። እኔ በዚያ መዝገብ ሞዴል እሠራለሁ፤ ነዳጅ ባሕር ላይ ቢፈስ ወይም የአንድ ጀልባ ሞተር ቢጠፋ፣ ጅረቱ ወዴት ይወስደዋል የሚለውን በኮምፒውተር የሚገምት ሞዴል።

በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ማዕበል ሰንሰለቱን በጠሰው። ያለበትን ቦታ የሚነግረን አስተላላፊም ወዲያው ዝም አለ።

“ሜሮን፣ የወራት መዝገብ መሣሪያው ውስጥ ነው ያለው” አለችኝ መምህሬ። “ካልተገኘ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ሌላ አይገዙልንም። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል።”

ሞዴሌን ጠየቅኩት። ተንሳፋፊው ወደ ሰሜን ሄዶ ታይቢ ደሴት ዳርቻ ላይ ወድቋል አለኝ። ሄጄ ላመጣው ወሰንኩ።

የእኔ መኪና ትንሽ ናት። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ግን ከዶራቪል ወደ ቡፎርድ ሃይዌይ ምግብ ቤቶች አትክልት የሚያመላልሱበት ቫን አላቸው።

“ጋሼ፣ ለዊኬንዱ ቫንዎን ቢያከራዩኝስ?” አልኳቸው ሐሙስ ማታ።

“ቫኑ ያለ እኔ አይሄድም” አሉ። “ሃያ ዓመት ጆርጂያ ኖሬ ባሕሯን አላየሁም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።”

የመፍቻ ሣጥናቸውን፣ ገመድና አሮጌ ብርድ ልብስ ጭነው መጡ። ከአትላንታ እስከ ሜከን በከባድ መኪኖች መሐል ተጋፍተን ወጣን። ከሜከን በኋላ ያለው መንገድ እንደ ክር የተዘረጋ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ፣ ጥድ፣ አሁንም ጥድ። ደብሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ነዳጅ ቀዳንና ቁርስ አዘዝን። ጋሽ ደምሴ ገንፎ የሚመስለውን ግሪትስ መረጡ፤ አርብ ስለነበር “ያለ ቅቤ፣ ያለ ቺዝ” አሉ።

“ታዲያ ምን ቀረው?” አለች አስተናጋጇ።

“ጨው” አሏት፤ ሳቀችና ሳህኑን እስከ አፉ ሞልታ አመጣችላቸው።

አርብ ከሰዓት፣ ታይቢ ደሴት

ሳቫና ከተማን አልፈን ረግረጉን በሚያቋርጠው መንገድ ታይቢ ደረስን። ጋሽ ደምሴ ቫኑን ፓርክ እንዳደረጉ ጫማቸውን አወለቁ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

“እውነትም ጨው ነው” አሉና ወደ ሥራ ገባን።

ለመርከቦች መንገድ ከሚያሳየው የመብራት ማማ ጀምረን ዳርቻውን ጨርሰን ሄድን፣ ተመለስን። የተሰበረ ወንበር፣ ጠርሙስና አንድ የሕፃን ጫማ አገኘን። የባሕሩን ዳርቻ በየማለዳው ለሚያጸዳው ሰው የተንሳፋፊውን ፎቶ አሳየሁት። “እዚህ ወጥቶ ቢሆን የማነሳው እኔ ነበርኩ” አለኝ።

ነፋሱ ፊታችንን በአሸዋ ይገርፈው ጀመር። እግሬ ዝሎ ነበር፤ የከበደኝ ግን እግሬ አልነበረም። አምስት ዓመት የለፋሁበት ሞዴል እዚህ ነው ብሎ ነበር። እዚህ ግን የለም።

“ኮምፒውተሩ ዋሸሽ?” አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

“አላውቅም ጋሼ።”

መምህሬ ጋ ስደውል “ሞክረሻል፤ በቃ ተመለሺ” አለች። በማግስቱ ወደ ደቡብ ወርጄ፣ ተንሳፋፊው ታስሮበት በነበረው ባሕር ላይ የሚያጠምዱትን የዳሪየን አጥማጆች ሳልጠይቅ እንደማልመለስ ነገርኳት። ጋሽ ደምሴ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቀው “እስከ ሰንበት ድረስ ነጻ ነኝ” አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳሪየን

ዳሪየን ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ጀልባዎች የተደረደሩባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ጀልባ ለጀልባ እየዞርኩ ጠየቅኩ። ቢጫ ነገር ያየ የለም።

ሌሎች አጥማጆች ፍለጋ ከከተማዋ ወደ ደቡብ ወጥተን አልታማሃ የሚባለውን ወንዝ ስንሻገር ግን፣ ድልድዩ ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁና “ጋሼ፣ ከድልድዩ ወዲያ ያቁሙልኝ” አልኩ።

ወንዙ ከዳርቻው ወጥቷል። ቡናማ ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። እኔ ደግሞ ለሞዴሌ የሰጠሁት የወንዙን የመደበኛ ዓመት መጠን ነበር። ይህን ያህል የወንዝ ውሃ ባሕር ሲገባ ከጨዋማው ውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጠረፉን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ተንሳፋፊው የታሰረው እዚሁ ወንዝ አፍ ፊት ለፊት ነበር።

“ይኼ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?” አሉ ጋሽ ደምሴ።

“ከእኛም አለበት። ታከር ላይ የሚዘንበው በየጅረቱ ኦክመልጊ ወንዝ ይገባል፤ ኦክመልጊ ደግሞ እዚህ አልታማሃ ሆኖ ይወጣል።”

“ገና ሰሞን ቤዝመንቴን የሞላው?”

“እሱም ጭምር።”

ወንዙን እንደ አዲስ አዩት። “እና ይኼን ሁሉ ውሃ ለኮምፒውተሩ አልነገርሽውም?”

“አልነገርኩትም።”

“ንገሪው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?”

ወደ ዳሪየን ተመልሰን አንድ ምግብ ቤት ገባን። ላፕቶፔን ከፍቼ የወንዙን ትክክለኛ ልኬት ከኢንተርኔት አውርጄ ሞዴሉን እንደገና ራን አደረግኩት። እስኪጨርስ ጋሽ ደምሴ፣ ጠረጴዛውን ያለ ሥራ ያዛችሁ እንዳንባል፣ በሻይ ላይ ሻይ አዘዙ። በመጨረሻ የተንሳፋፊውን መንገድ የሚገምቱት ነጥቦች ስክሪኑ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ወደ ደቡብ ወረዱ፣ የሴንት ሳይመንስን ደሴት አለፉ፣ አብዛኞቹ ጀኪል ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ተከማቹ።

“ተነሺ” አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጀኪል ደሴት

መግቢያው ላይ ስድስት ዶላር ከፍለን ወደ ሰሜን ነዳን። እዚያ ያለው ዳርቻ አሸዋው ስለተሸረሸረ የደረቁ ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ተጋድመዋል። ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳበት ይመጣል። በዛፎቹ መሐል ነጭ ቀሚስ አየሁ፤ ከቀሚሱ ጀርባ ደግሞ ቢጫ።

ሙሽራዋ ተንሳፋፊያችንን ተደግፋ ፎቶ እየተነሳች ነበር!

“የእኔ ነው! የእኔ ነው!” እያልኩ በእንግሊዝኛ እየጮህኩ ሮጥኩ። ሙሽራው መጀመሪያ ስለ ሙሽራዋ የማወራ መስሎት ደነገጠ።

ነገሩን ካስረዳሁ በኋላ የደሴቲቱ ጥበቃ ጋ ደወልኩ። መሣሪያውን ፈትቼ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ ትልቁን ተንሳፋፊ ግን የሚያነሳ መኪና የሚመጣው ሰኞ ነው አሉ። ባሕሩ ደግሞ መሙላት ጀምሯል። እስከ ሰኞ ድረስ መልሶ ሊወስደው ይችላል።

ጋሽ ደምሴ ሣጥናቸውን ከፈቱ። መሣሪያው በአራት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹን ዝገትና ዛጎል ውጧቸዋል። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ተንሳፋፊው ይንከባለላል፤ ሥሩ የገባ ሰው እግሩ መሰበሩ ነው። ሙሽራው ይህን ሲያይ ሱሪውን ሰበሰበ፤ ሚዜዎቹም ተከተሉት። አራት ሱፍ የለበሱ ወንዶች ቢጫውን ብረት አቅፈው ቆሙ።

“ያዝ! ያዝ! እንዳትለቅ!” ይላሉ ጋሽ ደምሴ በአማርኛ። ሁሉም ገብቷቸዋል።

ሦስቱ ብሎኖች ተፈቱ። የአራተኛው አናት ተሰብሮ ቀረ። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፣ እጄን ብርድ አደንዝዞታል። ከሣጥኑ የወጣ የብረት መጋዝ ተቀብዬ መገዝገዝ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ “ልቀበልሽ” ሲሉኝ “አይ፣ ልጨርሰው” አልኩ። ሲቆረጥ መሣሪያው ደረቴ ላይ ወደቀና ከነእሱ በጀርባዬ ውሃው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ታጨበጭባለች። መሣሪያውን እንደ ሕፃን በብርድ ልብሱ ጠቅልለን ቫኑ ውስጥ አስተኛነው።

እሑድ፣ መመለሻ

ጥዱን መልሰን ቆጠርነው። ታከር ስንገባ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አጥፍተው ዞር አሉ።

“እሺ፣ አሁን ሞዴልሽ ልክ ነው ማለት ነው?”

“አይደለም ጋሼ። አንዱን ስህተቱን አገኘን እንጂ።”

“አንዱን ለማግኘት እንዲህ ከሆነ” አሉና እየሳቁ የባሕር ውሃ የነጠበበትን የቫናቸውን ወለል አዩት።

ሰኞ መሣሪያውን ስንከፍተው ውስጡ ደረቅ ነበር። መዝገቡ ሰንሰለቱ እስከተበጠሰበት ቀን ሙሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ምን እንዳደረገ ግን የለካ የለም። መምህሬ ገንዘብ ሰጪዎቹን አነጋግራ አንድ ዓመት አስጨመረች። አብሮኝ የሚሠራ ተማሪ የጎደሉትን ሳምንታት በሞዴሉ ግምት እንድሞላቸው፣ የግራፉ መስመርም ሳይቋረጥ እንዲያምር መከረኝ። እንቢ አልኩ። ግምቴ በታይቢ አሸዋ ላይ ያለ ፍሬ ሲያመላልሰኝ ውሏል። ያልተለካውን ቦታ ነጭ አድርጌ ተውኩት፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ነጩን አይቶ እዚህ ጋ እንዳላወቅን ይወቅ።