ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ፈርጥ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጣቶቼ ስለቀጠኑ ቀለበቴ በራሱ እየወለቀ አስቸገረኝ። እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ላስጠብበው ከሴት ልጄ ጋር ሄርዝል ጎዳና ወዳለው ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ባለቤቴ ያሠራልኝ እሱ ዘንድ ነበር።

ስንጋባ ቀለበት አልነበረንም። በጎንደር ገጠር፣ በሠርጋችን ዕለት፣ ግንባሩ ላይ ቀይና ነጭ ገመድ አሰሩለት፤ እኛ የምናውቀው እሱን ነው። እዚህ አገር ከመጣን በኋላም ሥራው፣ ልጆቹ፣ ቤቱ ቀደሙ። ከሚሠራበት የብርቱካን ማሸጊያ ጡረታ ሲወጣ ግን ምንም ሳይነግረኝ ቀለበት ሊያሠራልኝ ሄደ።

ከሱቁ ሆኖ ስልክ ደወለልኝ። እኔ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ይሰማል። ምን ሊያሠራልኝ እንደሆነ በአጭሩ ነገረኝና፣

«ከፍ ያለው ይሻልሻል ዝቅ ያለው?» አለኝ።

ዋጋውን የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ከፍ ያለውን ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ እናገራለሁ?

«ኧረ ለእኔ ዝቅ ያለው ይበቃኛል» አልኩት።

በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ እንደማለት፣ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ያመጣልኝ ቀለበት ፈርጡ ወርቁ ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ነበር። ሰማያዊ ነው፤ ካላቀረቡት ግን አይለይም። መርቄ ተቀበልኩት። እሱም እጄን ገልበጥ አድርጎ አየና «እንዳልሽው ነው» አለ። ድምፁ ቀዝቀዝ ማለቱን ልብ ብያለሁ፤ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌው ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን ሲያይ ባለቤቴን አስታወሰው። ሁለት ናሙና አቅርቦለት እንደነበር ነገረን። በአንዱ ፈርጡ በቀጫጭን የወርቅ ጣቶች ተይዞ ወደ ላይ ከፍ ብሏል፤ በሌላው ዝቅ ብሎ ገብቷል። ከፍ ያለው ልብስ ይይዛል፣ ይጋጫል ብሎ ቢያስጠነቅቀውም ባለቤቴ እሱን ከእጁ ሊያስቀምጠው አልቻለም። ሰው ሁሉ እንዲያይላት እፈልጋለሁ ብሎት ነበር።

«በኋላ እዚሁ ሆኖ ስልክ ደወለና ሐሳቡን ለወጠ» አለ ሽማግሌው።

ዋጋቸው ይለያይ እንደነበር ጠየቅሁት። አንድ ነው አለኝ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስጦታው እንዳይታይ የፈለግሁ መስሎት ይሆን? ያፈርኩበት መስሎት ይሆን? እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለምን ቀዘቀዝክ አላልኩትም። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቋንቋ ስንናገር ኖረን በአንዲት ቃል ተላለፍን።

ልጄ ፈርጡን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። መቀመጫው ተቀይሮ ይሠራል አላት።

«ተዪው ልጄ፣ ከእንግዲህ ማን ሊያየው?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ እማዬ። አባዬ ለማን ብሎ ነው ያን ያህል እዚህ ቆሞ የመረጠው?»

አሁንም ያው «ይበቃኛል» የሚለው መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ፊት ለራስ መፈለግ እንዲህ ይከብደኛል። ዋጥኩትና ሽማግሌውን ከፍ አድርግልኝ አልኩት፤ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብዬ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስለው በእጄ ጭምር እያሳየሁ።

ተሠርቶ በወሰድኩት ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን አይታ «ቲትሐድሺ» አለችኝ። እዚህ አገር አዲስ ነገር ላደረገች ሴት እንዲህ ይባላል፤ አዲስ ሁኚ እንደማለት ነው። ባል የሞተብኝ መሆኔን በምን ታውቃለች። አመሰገንኳት። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ልሸሽገው ብዬ፣ ተውኩት።